ወደ ኋላ የዞረው ወፍጮ

መስከረም 28

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ፣

ጆሮዎ፣ ወገብዎና ያ በየዓመቱ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣው ጉንፋንዎ ሦስቱም እንደምን ሰነበቱ? እኔም እዚህ ባሕር ማዶ ከሥራው ብዛት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የምጽፍልዎት ስልክ አጥቼ አይደለም። ሞተሮቹ ጆሮዎን ከወሰዱት ወዲህ ከእርስዎ ጋር የማወራው እየጮህኩ ነው። የቢሮው ሰው ሁሉ ከባሌ ጋር የተጣላሁ ይመስለዋል፤ ባል ደግሞ የለኝም። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ይሻለናል።

ወሬዬ ትልቅ ነውና ፒንሳዎን ያስቀምጡና አረፍ ይበሉ። የድርጅታችን ዋና ኃላፊ በጥር ጡረታ ይወጣል። በእሱ ቦታ የሚሾመውን ለመምረጥ ቦርዱ ሦስት ሰው አጭቷል። አንደኛው ሠላሳ ዓመት ደመና ሲያጠኑ የኖሩ ፕሮፌሰር ናቸው። ሁለተኛዋ የአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ የነበረች፣ ስትናገር ሰው ሁሉ ማስታወሻ የሚይዝላት ሴት ናት። ሦስተኛዋ የእርስዎ ፊውዝ ነች። አዎ፣ እኔ። ሲነግሩኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞሬ አይቻለሁ።

እማዬ ለጎረቤቱ «ፀሐይ ትሸጣለች» እያለች እንደምታስረዳ ሰምቻለሁ። አንሸጥም። ትርፍ የሌለው ድርጅት ነው። ናፍጣ የሚጠጡና ጭስ የሚተፉ ፓምፖች ባሉበት በፀሐይ የሚሠሩ እንተክላለን፤ አየሩ እየከፋ መሄዱን የማያምኑ ባለሥልጣናትን ደግሞ እስኪሰለቹን ድረስ እንጨቀጭቃለን። እኔ እስካሁን የተከላው ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። መጨቅጨቁን ከእርስዎ ስለተማርኩ ለሁለቱም እሆናለሁ ብለው ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እኛ ዘንድ የመሪዎች አመጣጥ የሚጻፈው ሌላው ቦታ እንደሚጻፈው አይደለም። ሌላው ቦታ የት ተማሩ፣ የት ሠሩ፣ ምን ተሸለሙ ይባላል። የእኛን ድርጅት የመሠረቱት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ግን ዳቦ ጋጋሪ ነበሩና እንዲህ ያለ ወረቀት አይወዱም። ከመግቢያው እስከ መሰብሰቢያ አዳራሹ ባለው ኮሪደር ላይ የእያንዳንዱ ዋና ኃላፊ ፎቶ ተሰቅሏል። ከፎቶው ሥር ሰውየውን መጀመሪያ ሥራ ያስያዘው ሰው የጻፈው ደብዳቤ አለ። ከደብዳቤው የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኃላፊው ያጠፋው አንድ ጥፋትና እንዴት እንዳረመው። የራሳቸው የመሥራቿ ደብዳቤ «ይህች ልጅ ምድጃውን ትታ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጭስ ስታይ ሁለት መቶ ዳቦ አክስላብኛለች» ይላል። አሁን ጡረታ የሚወጣው ኃላፊ በወጣትነቱ አውቶቡስ ጣቢያ ይሠራ ስለነበር ለሄደ አውቶቡስ አርባ ሰው አሰልፎ እንደነበረ ተጽፎበታል። በየቀኑ በሥሩ ያልፋል።

መሥራቿ ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ጥፋቱን የሚያውቅለት ሰው የሌለው መሪ ሌላው ሲያጠፋ መጮህ እንጂ ማረም አያውቅበትም ይላሉ።

እኔን መጀመሪያ ሥራ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። በዚያች አንድ ክፍል ሱቅ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እየፈታን በአዲስ ስንጠቀልል ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ። እባክዎ አንድ ጥፋቴን አንድ ገጽ አድርገው ይጻፉልኝ፤ ተርጉሜ አቀርበዋለሁ። ቦርዱ ጥር 10 ይሰበሰባል። ደብዳቤ ያላመጣ እጩ አይታይም።

እጩው ስለ ሥራው ራሱ የሚጽፈውን፣ የእኔን ድርሻ፣ ጽፌ ጨርሻለሁ። ያንን ሕግዎን አስገብቼበታለሁ። «ማንኛውንም ሞተር አስረሽ ስትጨርሺ ቀበቶውን ከማግባትሽ በፊት ለአንድ አፍታ አብሪና ወዴት እንደሚዞር እይ» ይሉኝ የነበረውን። እዚህ ለተከላ ሠራተኞቼ ሁሉ ግዴታ አድርጌዋለሁ፤ «የአጎት ሕግ» ነው የሚሉት። ሕጉን ያወጡት ያ ወፍጮ ወደ ኋላ ዞሮብዎት ሰፈሩ «ኋላ ማርሽ» ብሎ ስም ካወጣልዎት በኋላ መሆኑንም ጽፌያለሁ። እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። ለመሆኑ ታፔላው አሁንም ስም አልተጻፈበትም?

ጤናና ሥራ ከቤትዎ አይጥፉ።

የእህትዎ ልጅ፣ ፊውዝ


ጥቅምት 16

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጆሮዬ እንደነበረ ነው፣ ወገቤ ብሷል፣ ጉንፋኑ ገና መንገድ ላይ ነው። እናትሽ ደህና ናት። ስለ ሹመቱ ስነግራት ዕቃ ማጠቡን ትታ ወጣችና በአጥሩ ላይ ለሦስት ቤት ነገረች። አራተኛው ቤት ሰው ስላልነበረ ቆማ ጠበቀች።

በጣም ደስ ብሎኛል። ይህን ቶሎ ልበለው፣ ቀጥሎ ልቆጣ ነውና።

ይሄ ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው? ሰው ለሹመት ሲታጭ የሚያውቀው ሰው ይመሰክርለታል እንጂ ያሳጣዋል? እኔ የእህቴን ልጅ ነውር ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ባሕር ማዶ ልላክ? እናትሽ ብትሰማ ሱቁን ትዘጋብኛለች። አንቺም ብትሆኚ ለዋህነትሽ ልክ ይኑረው። ያቺ ስትናገር ማስታወሻ የሚያዝላት ሥራ አስኪያጅ የራሷን ጥፋት አስጽፋ የምታመጣ ይመስልሻል?

ስለዚህ የሚሆነውን ጽፌልሻለሁ። ቃል ሳትቀንሺ ተርጉሚው።

«ለሚመለከተው ሁሉ። ይህች ልጅ በሱቄ በሠራችባቸው ሁለት ክረምቶች አንድም ሽቦ አላላላችም፣ አንድም ብሎን አልጣለችም፣ አንድም ቀን አላረፈደችም። እጇ የተባረከ፣ ዓይኗ የማይስት፣ ጠባይዋ የታረመ ነው። ለማንኛውም ኃላፊነት ብትበዛ እንጂ አታንስም።»

ፊርማዬንም ማኅተሜንም አድርጌበታለሁ። ማኅተሙ የደበዘዘው ቀለሙ ስላለቀ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስላቸው።

ስለ ወፍጮው የጻፍሽውን አይቻለሁ። አውጪው። ያለፈ ነገር ነው፣ ለማንም አይጠቅምም።

ከቻልሽ ለእጅ መሰርሰሪያ የሚሆን ካርቦን ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል። ታፔላው ላይ ስም የለም። ሞተር የተቃጠለበት ሰው ስም አያነብም።

ያሰብሽው ይሙላልሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 5

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፣

ወገብዎን እንደምን አደረገው? ካርቦኑን በሦስት ዓይነት መጠን ልኬያለሁ። ያልሆነውን ለመለዋወጫ ሣጥንዎ ያድርጉት፤ ሣጥኑ መቼም ጠግቦ አያውቅም።

ደብዳቤዎን ቃል ሳልቀንስ ተርጉሜ ሰጠሁ። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሶ አገኘሁት። መሥራቿ ከሥሩ በእርሳስ አንድ መስመር ጽፈውበታል፤ «የተጻፈው ስለ ሰው ነው ወይስ ስለ ሐውልት?» ይላል። እኔም የማላፍር ነኝ፣ ሳቄ መጣ። እውነቱን ልንገርዎት፣ አንድም ቀን አላረፈደችም የሚለው ላይ ስደርስ ስተረጉምም ስቄያለሁ። ጠዋት ጠዋት በር እያንኳኩ ይቀሰቅሱኝ የነበረው ማን ሆነና ነው?

ፕሮፌሰሩ የእሳቸውን አስገብተዋል። መጀመሪያ የቀጠሯቸው ሰው፣ የተቀደደ ባልዲ አስቀምጠው የአንድ ወር ዝናብ እንደለኩና ወሩን ሙሉ ድርቅ ነው እያሉ ሪፖርት እንደላኩ ጽፈውባቸዋል። ሕንፃው ሁሉ አወራው፤ ሰውየውም ከዚያ ቀን ወዲህ ይበልጥ ተወደዱ። አጎቴ፣ እዚህ ጥፋት ማሳጣት አይደለም። ባዶ ወረቀት ነው የሚያሳጣኝ።

እማዬን ብጠይቃት ጥፋቴን አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጠረችልኝ፤ ሁሉም ግን የቤት ነው፣ ለቦርድ አይሆንም። እኔ ከራሴ የማስታውሰው ያቃጠልኩትን ቴስተር ብቻ ነው። ሌላ ካጡ እሱን ይጻፉት። ትንሽ ነው፣ ግን እውነት ነው።

ስለ ወፍጮው አውጪው ያሉኝን አሰብኩበት፤ ካስከፋዎት እደልዘዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅብዎት፣ ባለ ወፍጮዋ በመንገድ ላይ «ኋላ ማርሽ» እያለች ስትጠራዎት፣ እርስዎ ቀና ብለው «አቤት» ይሉ ነበር። አልተደበቁም፣ በሌላ አላሳበቡም። ትልቅ ሰው ጥፋቱን እንዲህ ነው ለካ የሚይዘው ብዬ ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ ያን አያህልም። የአጎት ሕግን የጻፍኩት ላሳጣዎት ሳይሆን ስለኮራሁብዎት ነው።

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ። ዕድሜና ብርታት ይስጥዎት።

ፊውዝ


ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። አንድ ወር አለፈ፤ መልስ የለም። በስልክ እማዬን ጠየቅኳት። አልታመመም አለችኝ። በየጠዋቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ያወጣል፣ ሁለት መስመር ይጽፋል፣ ጨብጦ ይጥለዋል፤ ደንበኛ ሲመጣ ይቆጣል አለችኝ። ለሞተሮቹም አዘነችላቸው።

ምን እንዳስከፋዎት አላውቅም፤ ግን አስከፍቼዎታለሁ። ስለ ወፍጮው የጻፍኩትን ከጽሑፌ አውጥቻለሁ። ደብዳቤውም ይቅር። ነገ ሄጄ ከእጩነት እወጣለሁ ብዬ ነበር፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ልታገሥ ብዬ ተውኩት። ውሸት ልንገርዎት አልፈልግም፤ ወንበሩን በጣም እፈልገዋለሁ፣ እንደምችልበትም አውቃለሁ። ነገር ግን እርስዎ ተቀይመውኝ የምቀመጥበት ወንበር አይመቸኝም።

አንዲት መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። ስድብም ቢሆን።

ልጅዎ፣ ፊውዝ


ታኅሣሥ 23

ይድረስ ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን በፈጣኑ ፖስታ ነው የላክሁት። ጸሐፊዋ ምን እንዳለበት ጠየቀችኝ፤ ወረቀት ነው አልኳት። ወረቀት ብቻ ለምን ቸኮለ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው አልኳት። አልገባትም።

አልተቀየምኩሽም። ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ቁጭ ብለሻል?

ያን ወፍጮ ያሰርሽው አንቺ ነሽ።

ትዝ ካለሽ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ልትሄጂ ሦስት ቀን ቀርቶሽ ነበር። እኔ ጤና ጣቢያው ፓምፕ ላይ ስለነበርኩ ሞተሩን ጋሪ ላይ ጭኜ ከአንቺ ጋር ላክሁት። ባለ ወፍጮዋ «ይቺን ልጅ ነው የላከብኝ?» ብላ እንደ ተቆጣችና ጥላሽ እንደ ወጣች ራስሽ ነግረሽኛል። አስረሽ፣ ቀበቶውን አግብተሽ፣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሳትሞክሪው ወደ ቤት ሄድሽ። መብራቱ ከሰዓት መጣ። እኔ ስደርስ ሠላሳ ሰው እህሉን ይዞ ተኮልኩሏል፣ ድንጋዩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ዱቄት ይወጣል በተባለበት በኩል እህሉ እየተሰባበረ ይፈሳል። ሴትዮዋ «ማነው ያሰረው?» ብላ ጮኸች።

ያን ሰሞን እናትሽ አንቺን ከሞተር የምታስቀርበት ሰበብ ስትፈልግ ነበር። ዘመድ ሁሉ ሴት ልጅና ቅባት ምን አገናኛቸው እያለ ጆሮዋን በልቷታል። እኔ ነበርኩ እጇ የተለየ ነው፣ ትሂድ ብዬ ያሳመንኳት። አንቺ ነሽ ብል ያቺ ሴትዮ ከመምሸቱ በፊት ለእናትሽ ታደርስላት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ነገርም እዚያው ያበቃል። ስለዚህ እኔ ነኝ አልኩ። አንዲት ቃል ናት። አልከበደችኝም። ሁለቱን ሽቦ ቦታ ለዋወጥኩ፣ ወፍጮው ተስተካከለ፣ ስሙ ቀረ። ላንቺም፣ አንቺ ከወፍጮ ቤቱ ከሄድሽ በኋላ መጥቼ ፈትቼ እንዳሰርኩት ነገርኩሽ። አመንሽኝ።

ደብዳቤሽ ሲመጣ የከበደኝ ይሄ ነው። ያንን ነገር ስጦታ ነው ብዬ ይዤው ኖርኩ፣ አንቺ ግን ኮርተሽበት ለፈረንጅ ጻፍሽው። ውሸቴ ባሕር ተሻግሮ ሕግ ሆነ። ጥፋቱን እንዲህ የያዘ ሰው አላየሁም አልሽኝ፤ ልጄ፣ የሰው ጥፋት መያዝ እኮ ቀላል ነው፤ አንጀት አይበላም። እውነቱን ልጻፍልሽ እላለሁ፣ ሹመቱን ያስቀርባት ይሆን ብዬ እቀደዋለሁ። ቴስተሩን ልጻፍ እላለሁ፣ እሱን ደግሞ እጄ እምቢ ይላል። ከእጩነት እወጣለሁ ስትዪ ቆረጥኩ። ከዚህ በታች ያለውን ብትፈልጊ ስጫቸው፣ ባትፈልጊ ቅደጂው። እናትሽ እንዳትሰማ ብቻ፣ ቢያንስ ጉንፋኔ እስኪለቀኝ።

«ለቦርዱ አባላት። ይህች ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የአንድ ወፍጮ ሞተር ስታስር ከሦስቱ ሽቦዎች የሁለቱን ቦታ ለዋወጠችና ወፍጮው በሠላሳ ሰው ፊት ወደ ኋላ ዞረ። የሽቦ አስተሳሰሯ ግን እጅግ የጸዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የጸዳ ስህተት አላየሁም። እንዴት አረመችው ለሚለው፣ የእሷ መሆኑን ሳታውቅ ነው ያረመችው። የደበቅኋት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሱቄ ውስጥ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ማንም ወዴት እንደሚዞር ሳያይ ቀበቶ አያገባም አልኩ። ደንቡን ያወጣሁት ለእሷ ነው፤ የራሴ መስሏት ከእኔ በላይ ጠበቀችው። አሁን ብዙ ፓምፖች በዚያ ደንብ እንደተተከሉ ጽፋልኛለች። ያልሆነችውን ላስመስላት ብዬ መጀመሪያ የላክሁላችሁን ወረቀት ጣሉት። ያች ሐውልት ናት፤ ይህች ልጄ ናት።»

ማኅተሙ ይሄኛውም ላይ ደብዝዟል። መንገድሽን ያቅናልሽ።

አጎትሽ


ጥር 12

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለጌታዬ፣ ለዋሾዬ፣

በመጀመሪያ ጉንፋንዎ ይማርልኝ። ሁለተኛ፣ ቁጭ አላልኩም ነበር። የቢሮው ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ «ያሰርሽው አንቺ ነሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው በጎኔ እያለፈ ይወጣል፣ ይወርዳል። እንባዬ ይወርዳል፣ ከዚያ ሠላሳ ሰው ተኮልኩሎ እህሉን ሲመለከት ይታየኝና እስቃለሁ። የጥበቃው ሰውዬ ውኃ አመጣልኝ።

አልዋሽዎትም፤ ሦስት ቀን ሳልተረጉመው ቆየሁ። የቴስተሩ ታሪክ ትንሽና ንጹሕ ሆኖ ዓይኔ ላይ መጣ። ሁለት ጊዜ ልጽፈው ጀመርኩ። ከዚያ እርስዎ ለእኔ ያን ሁሉ ዓመት ተሸክመው፣ እኔ ደግሞ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ልሸከመው ካቃተኝ ወንበሩ ምን ያደርግልኛል አልኩና ተረጎምኩት። ቃል አልቀነስኩም።

ጥር 10 ቀን በረዥሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። እህሉ እየተሰባበረ ፈሰሰ የሚለውን ለእኔ ከጻፉት ደብዳቤ ወስጄ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይቅርታ፣ እንዳይቀርባቸው ብዬ ነው። አንደኛው የቦርድ አባል ይህንን መቼ እንዳወቅኩ ጠየቀኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አልኩት። ያኔ መሥራቿ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ስሙን እስከ ዛሬ የተሸከመው ማነው?» አሉኝ።

«አጎቴ» አልኳቸው።

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ጠረጴዛው በሙሉ አብሯቸው ሳቀ። «የእኔ አሠሪ ለሁለት መቶ ዳቦ ያን ያህል ቢያደርግልኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው እጋግር ነበር» አሉ። ውጭ ሆኜ ጠበቅሁ። ኮሪደሩ ላይ ከአውቶቡሱና ከዳቦው ደብዳቤ መካከል ቆሜ ሳለሁ በሩ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የወጡት ፕሮፌሰሩ ነበሩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንኳን ደስ አለሽ፤ እኔ በምክር እረዳሻለሁ፣ ባልዲ ብቻ እንዳታሲዢኝ» አሉኝ።

አጎቴ፣ ሾሙኝ።

የእጅ ጽሑፍዎ እንዳለ በመስተዋት ተደርጎ ይሰቀላል፤ ትርጉሙ ከሥሩ ይሆናል። አንዱ ሠራተኛዬ የደበዘዘውን ማኅተም አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀለም አልቆ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ አልኩት።

አሁን የመጨረሻ ልመናዬን ይስሙኝ። ካርቦንም፣ ቀለምም፣ የፈለጉትን እልካለሁ፤ እርስዎ ግን ለባለ ወፍጮዋ እውነቱን ይንገሯት። ለሰፈሩም ይንገሩ። ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ፣ ሹመቱን አስቀድሜ፤ ከዚያ በኋላ መቆጣት አይሆንላትም። ያ ስም የእኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በላብዎ ከፍለውበታል፣ ይበቃል። ይመልሱልኝ።

እግርዎን ስሜ፣

ልጅዎ፣ ፊውዝ


የካቲት 2

ይድረስ ለልጄ፣ ለኃላፊዋ፣

እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለን። አንጀቴን አራስሽው። ጉንፋኑ ለቆኛል፤ ወሬሽን ሰምቶ አፍሮ ይሆናል።

እናትሽ ሹመቱን ሰማች፣ አለቀሰች። ከዚያ ወፍጮውን ሰማች፣ ወደ ሱቅ መጣች። ልትቆጣ ነው ብዬ ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ። ከፊቴ ቆማ ብዙ አየችኝና፣ ያን ጊዜ ብትነግረኝ በእርግጥ አስቀራት ነበር አለችኝ። ምሳ ይዛ ነበር የመጣችው፤ አብረን በላን።

ለባለ ወፍጮዋም እንዳልሽው ሄጄ ነገርኳት። አርጅታለች፣ ወፍጮው ግን እንደ ወጣት ይጮኻል። በጩኸቱ ላይ እኔም እየጮህኩ ስነግራት አልሰማ አለችና አጠፋችው። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። «እንግዲያው ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ጥፋትህ ነው የሰደብኩህ ማለት ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ይቅርታ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ያቺ ልጅ እዚያ በፀሐይ የሚሠራ ወፍጮ ትተክል እንደሆነ ጠይቅልኝ አለች። ትተክላለች ወይ? መብራቱ ዛሬም እንደዚያን ጊዜው ነው። አንቺ ራስሽ መጥተሽ ካላሰርሽው ግን አልፈልግም ብላለች፤ በመጀመሪያ ወዴት እንደሚዞር ቆማ ታያለች።

የስሙን ነገር ግን እንነጋገር። ልመልስልሽ አስቤ ነበር፣ በእውነት። በማግስቱ መንገድ ላይ አንዱ በትክክለኛው ስሜ ጠራኝ። ጆሮዬ ነው ብዬ አለፍኩ። ሁለተኛ ጠራኝ፣ አልዞርኩም። «ኋላ ማርሽ» ሲለኝ ነው አቤት ያልኩት። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አንቺን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት በዚያ ስም ነው። በጠሩኝ ቁጥር ሄዳለች፣ እየተማረች ነው፣ እየሠራች ነው ብዬ ሳስብበት የኖርኩት ስም ነው። ሰው ስድብ መስሎት ሲጠራኝ እኔ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር። ይሄን ለማን ልስጥ?

ስለዚህ ስምምነታችን እንዲህ ይሁን። አንቺ ጥፋቱን ውሰጂ፣ ያንቺ ነውና በኮሪደርሽ ላይ ስቀዪው። ወንበሩንም ውሰጂ። ስሙን ግን አልመልስም። ትናንት ሠዓሊ ጠርቼ ታፔላው ላይ በቀይ ቀለም አስጽፌዋለሁ፤ እናትሽ ከአጥሩ ሆና ፊደሉ ቀጥ ማለቱን ስትቆጣጠር ዋለች።

ሥራሽን ያሳምርልሽ፣ ያገናኘን።

በገዛ ፈቃዱ፣

ኋላ ማርሽ